ዐለቱ ቀላል ነው፣ መንገዱን አስቡበት፦ ከሃይደን ወደ ማክደርሚድ ዐለት እንዴት ይኬዳል

አውስትራሊያ ውስጥ ፐርዝ የምንኖር ሐበሾች እንግዳ ሲመጣብን የት እንደምንወስደው የታወቀ ነው። ዌቭ ሮክ። አራት ሰዓት ያህል ይነዳል፣ ሃይደን የምትባል ትንሽ ከተማ ይደረሳል፣ 15 ሜትር ከፍታ ያለው የውሃ ሞገድ የሚመስል ዐለት ሥር ፎቶ ይነሳል፣ ተመልሶ ይመጣል። ጥሩ ነው። እኔም ስንት ጊዜ ሄጄበታለሁ።

አስፋልቱ ግን ከሃይደን ብዙም ሳይርቅ ያልቃል። ከዚያ ወደ ምሥራቅ፣ ኖርስማን እስከምትባል ከተማ ድረስ፣ በድምሩ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ይቀራል። አብዛኛው ኮረኮንች ነው። በመሃል ሱቅ የለም። ማደያ የለም። የቧንቧ ውሃ የለም። ኔትወርክ የለም። ያለው ጫካ ብቻ ነው፤ ከጫካው መሃል ደግሞ እዚህም እዚያም ራሰ በራ ዐለት ብቅ ይላል። ማክደርሚድ ዐለት ከእነዚህ አንዱ ነው። ከሃይደን ስትነሱ ከግማሽ መንገድ በላይ ሄዳችሁ ታገኙታላችሁ።

ጫካው ባህር ዛፍ ነው። አዎ፣ የኛው ባህር ዛፍ ዘመዶች። በአፄ ምኒልክ ዘመን አዲስ አበባ የገባው ዛፍ አገሩ አውስትራሊያ ነው። እዚህ ያለው ግን እንደ እንጦጦው ተደርድሮ የተተከለ አይደለም። 16 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ የሚሸፍን፣ ማንም ያልተከለው ደን ነው። ግንዱ እንደ ሮዝ ሐር የሚያበራ አለ። እንደ ተጠመዘዘ ገመድ የሆነም አለ። ሽታው ሲመጣባችሁ የልጅነት ሰፈራችሁ ትዝ ይላችኋል፤ እኔን እንዲያ አድርጎኛል።

ከዚህ በታች ያለው ዐለቱ ጋ አንድ ሌሊት አድሮ በኖርስማን በኩል ለመመለስ የሚሆን ነው። ዐለቱን መውጣት ልጅም ይችለዋል። ሰው የሚቸገረው ሄዶ በመመለሱ ላይ ነው። ስለዚህ ጽሑፉ ግማሽ መንገድ ድረስ ዐለቱ ጋ ካልደረሰ አትገረሙ።

1. ወሩን ምረጡ

በዚህ አገር ደቡብ ምዕራብ ክረምቱ እንደኛው ከሰኔ እስከ ነሐሴ ነው። አበባውም እንደኛው መስከረም ላይ ነው። አደይ አበባ እዚያ ሲፈካ እዚህ ደግሞ የዐለቱ ዳር በነጭ፣ በቢጫና በሐምራዊ ይሞላል። ከነሐሴ መጨረሻ እስከ ጥቅምት መግቢያ ያለው ጊዜ ምርጡ ነው። ቀኑ ለስላሳ ነው፣ ሌሊቱ ግን ይበርዳል፤ ብርድ ልብስ አይበዛም።

ከታኅሣሥ እስከ የካቲት አትሂዱ። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። እሳትም አለ። እ.ኤ.አ. በ2019 መጨረሻና በ2020 መጀመሪያ በኖርስማን ዙሪያ በተነሳ ሰደድ እሳት ዋናው አውራ ጎዳና ለብዙ ቀናት ተዘግቶ ነበር። መንገደኛው ከተማ ውስጥ ታግቶ ቀረ። እናንተ የምትሄዱት ደግሞ አውራ ጎዳናው ላይ እንኳን አይደለም።

ዝናብ ከዘነበ መንገዱን ይዘጉታል። ሃይደን በኮንዲኒን ወረዳ ሥር ናት፣ ኖርስማን በደንዳስ። ከመነሳታችሁ በፊት ባለው ቀን የሁለቱንም ወረዳ የመንገድ ማስታወቂያ እዩ። «ተዘግቷል» ካለ ተዘግቷል። ገብቶ የተገኘ ይቀጣል፤ ከቅጣቱ በላይ ደግሞ ጭቃው አለ።

2. ውሃና ነዳጅ አስሉ

በግምት አትሂዱ። ወረቀት አውጡና ጻፉ።

ለአንድ ሰው በቀን 5 ሊትር ለመጠጥ፣ 2 ሊትር ለምግብና ለእጅ። ሁለት ሰው ለሁለት ቀን 28 ሊትር ይሆናል። መኪናው ቢበላሽና ሰው እስኪመጣ ሁለት ቀን ብትቀመጡስ? ሌላ 28። በጠቅላላው 56 ሊትር። ይህ ማለት ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ሦስት ማለት ነው። በአንድ ትልቅ በርሜል አትያዙት። ኮረኮንች ላይ ጄሪካን ይጋጫል፣ ክዳን ይላላል፣ አንዱ ቢፈስ ሁለቱ ይተርፋል። ክዳኑ ሥር የፌስታል ቁራጭ አድርጎ ማጥበቅ እናቶቻችን የሚያውቁት ዘዴ ነው፤ እዚህም ይሠራል።

አንድ ሰው «ዐለቱ ላይ ውሃ አለ አይደል?» ብሎኝ ያውቃል። አለ። ግን የእናንተ አይደለም። ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

ነዳጁ እንዲህ ይሰላል። መኪናችሁ በ100 ኪሎ ሜትር 12 ሊትር ትበላለች እንበል። 300 ኪሎ ሜትር 36 ሊትር ነው። ነገር ግን ወደ ዐለቶቹ የሚያስገቡ ቅያሶች አሉ፣ ኤሲ አለ፣ በዝቅተኛ ማርሽ መሄድ አለ። ስለዚህ 400 ኪሎ ሜትር ብላችሁ አስቡት፦ 48 ሊትር። ሲሶ ጨምሩበት፦ 64። ሰልባትዮው 70 ሊትር የሚይዝ ከሆነ ሃይደን ላይ እስከ አፉ ሞልታችሁ ሂዱ። 50 ከሆነ አንድ የነዳጅ ጄሪካን ያስፈልጋል። የነዳጅ ጄሪካን ግን ከሰው ጋር መኪና ውስጥ አይቀመጥም፤ ከውጭ ታስሮ ነው የሚሄደው።

3. ጎማ፣ ጎማ፣ ጎማ

መጀመሪያ የሄድኩት በኪራይ መኪና ነበር። አብሮኝ በዕድሜ የሚበልጠኝ ወዳጄ ነበር፣ ጋሼ ነው የምለው። ከፐርዝ ስንወጣ፣

«ስኮርታውን አይተኸዋል?» አለኝ።

«ኪራይ ቤት እኮ ነው ጋሼ፣ አይተውት ነው የሚሰጡት።»

ከሃይደን 100 ኪሎ ሜትር ከወጣን በኋላ የኋላ ግራ ጎማ ተነፈሰ። ችግር የለም ብለን ክሪኩን አወጣን፣ ስኮርታውን አወረድን። በአውራ ጣቴ ጫን ሳደርገው እንደ ዳቦ ሊጥ ገባ። ባዶ ነው። ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ዛፍ ጥላ ሥር ተቀመጥን። በመጨረሻ የመንገድ ጥገና መኪና የሚነዳ ሰውዬ ደርሶ በራሱ መንፊያ ነፋልን። ጋሼ ሁለት ሰዓት ተኩሉን ሙሉ ምንም አልተናገረም። መኪና ውስጥ ከገባን በኋላ ብቻ፣ «አይተውት ነው የሚሰጡት አልክ?» አለ። እስከ ዛሬ ሰርግ ላይ ሳይቀር ያነሳብኛል።

ስለዚህ ከቤት ሳትወጡ ስኮርታውን አውርዱትና ንፋሱን ለኩ። ሁለት ስኮርታ ብትይዙ ደግሞ የተሻለ። የጎማ መፍቻው ለብሎኑ ልክ መሆኑን አንድ ብሎን ፈታ አድርጋችሁ አጥብቃችሁ ሞክሩት። በመኪናው ባትሪ የሚሠራ መንፊያ ግዙ፤ ውድ አይደለም። የንፋስ መለኪያ፣ የቀዳዳ መድፈኛ፣ አካፋ፣ አንድ ቁራጭ ጣውላ ጨምሩ። ጣውላው ክሪኩ ለስላሳ አፈር ውስጥ እንዳይሰምጥ ከሥሩ የሚደረግ ነው።

በደረቅ ጊዜ መንገዱን ከመሬት ከፍ ያለች ማንኛዋም መኪና ትወጣዋለች። የኪራይ ከሆነች ውሉን አንብቡ። ብዙ አከራዮች አስፋልት ያልሆነ መንገድ ላይ ለሚደርስ ጉዳት ኢንሹራንሱ አይከፍልም ብለው በደቃቅ ፊደል ይጽፋሉ። የኛ ይፈቅድ ነበር። ስኮርታ እንደሚነፋ ግን አልተጻፈበትም።

4. ለአንድ ሰው ተናገሩ

ቀልጠፍ ያለ፣ ስልክ የሚያነሳ፣ የማይረሳ ሰው ምረጡ። በየትኛው መንገድ እንደምትሄዱ፣ የት እንደምታድሩ፣ የመኪናውን ታርጋና በስንት ሰዓት እንደምትደውሉ ጽፋችሁ ላኩለት። «እሁድ ማታ እስከ 1 ሰዓት ካልደወልኩ ለፖሊስ ደውል» በሉት። ሰዓቱ በሐበሻ ይሁን በፈረንጅ ተስማሙ! ስድስት ሰዓት ልዩነት ቀላል አይደለም።

ፒኤልቢ የሚባል በእጅ የሚያዝ የአደጋ መጥሪያ አለ። ቁልፉ ሲጫን በሳተላይት አድርጎ ያላችሁበትን ቦታ ለነፍስ አድን ሠራተኞች ይልካል። ኔትወርክ አይፈልግም። ምዝገባው በነጻ ነው፤ መሣሪያውን የሚያከራዩም አሉ። ሕይወት አደጋ ላይ ሲሆን እንጂ ጎማ ሲተነፍስ አይጫንም። ስልክ በሚሠራበት ቦታ የአደጋ ጊዜ ቁጥሩ 000 ነው።

ካርታውን ኔትወርክ ሳለ ስልካችሁ ላይ አውርዱ። የወረቀት ካርታም ያዙ።

5. መንገዱ ላይ

ሃይደን ላይ ነዳጅ ሙሉ፣ ሽንት ቤት ግቡ፣ ዳቦ ግዙ።

ኮረኮንቹ ሲጀምር ቁሙና የጎማውን ንፋስ ቀንሱ። እኔ ከ36 ወደ 28 ፒኤስአይ (መለኪያው ላይ የሚነበበው የንፋስ መጠን) ገደማ አወርደዋለሁ፤ ጭነታችሁ ከባድ ከሆነ ያን ያህል አታውርዱ። ለስለስ ያለ ጎማ ሹል ድንጋይ ሲያገኘው ጎበጥ ብሎ ያልፈዋል፤ የተወጠረው ይቀደዳል። ፍጥነታችሁን ከ80 በታች አድርጉ። መንገዱ አንዳንድ ቦታ እንደ ቤት ክዳን ቆርቆሮ ተሸንትሯል። ጥርስ ያንገጫግጫል። «ፈጠን ብሎ ማለፍ ነው» የሚል ምክር ትሰማላችሁ። አትስሙ። መኪናው መንገዱን ሲለቅ የሚታወቃችሁ ከለቀቀ በኋላ ነው።

ከአገር ቤት በቅርብ ለመጣችሁ፦ እዚህ የሚነዳው በግራ ነው። ባዶ መንገድ ላይ ሰው ሳያስበው ወደ ለመደው ቀኝ ይመለሳል። ከፊታችሁ አቧራ ካያችሁ ከባድ መኪና ነው። ወደ ግራ ጠጋ ብላችሁ መስኮት ዝጉ፣ አቧራው እስኪያልፍ ቁሙ። ጠጠር መስታወት ቢመታ አትደናገጡ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ መድረስ አለባችሁ። ከ11 ሰዓት በኋላ ካንጋሮ ወደ መንገድ ይወጣል። ካንጋሮ እንደ በሬ ቆሞ አያይም፤ ከጫካ ዘሎ መኪናው አፍንጫ ላይ ይደቀናል። ቢገባባችሁ መሪ አትጠምዝዙ፤ ፍሬን ያዙና ቀጥ በሉ። ዛፉ ከካንጋሮው ይከፋል።

እግረ መንገዳችሁን ዲስአፖይንትመንት ሮክ የሚባል ሌላ ዐለት ታገኛላችሁ። ስሙ «የቅር መሰኘት ዐለት» እንደማለት ነው። አንድ ሰዓት ስጡት። ቅር አያሰኝም።

6. መኪናዋን የት ታቆሟታላችሁ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ዐለቱ ግርጌ ያለው ሣርና ጥላ ሲያምር ጊዜ መኪናቸውን እስከዚያ ያስጠጋሉ።

ሒሳቡን እዩት። አንድ ሄክታር ገላጣ ዐለት ላይ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥል 100,000 ሊትር ውሃ ነው። ዐለት ውሃ አይጠጣም። አብዛኛው ተንሸራትቶ ወርዶ የሚጠራቀመው ግርጌው ላይ ነው። ዛፎቹ እዚያ የወፈሩት ለዚህ ነው። አፈሩም ከላይ ደርቆ ከሥር ሊጥ የሚሆነው ለዚህ ነው። ዘንቦ ሳምንት ባልሞላው ጊዜ አንዱን ጎማ እዚያ አስገብቼ አካፋው ያኔ ነው የታደገኝ። በተዘጋጀው ማቆሚያ አቁሙ። ድንኳንም በተፈቀደው ቦታ ብቻ ትከሉ።

ድንኳኑን ስትተክሉ ቀና በሉ። የደረቀ ቅርንጫፍ ያለበት ትልቅ ባህር ዛፍ ሥር አትተኙ። ነፋስ ባይኖርም ቅርንጫፉ ይወድቃል።

7. ዐለቱን ስትወጡ

ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ጀምሩ። ዐለቱ በቀን የጠጣውን ሙቀት መልሶ ፊታችሁ ላይ ይተፋዋል፤ ከ3 ሰዓት በፊት ከላይ ወርዳችሁ ቁርስ ብሉ። ሶሉ የሚቆነጥጥ ጫማ አድርጉ። ባርኔጣ ያስፈልጋል። የዝንብ መረብ ፊታችሁ ላይ ብታጠልቁ የሚስቅባችሁ የለም፤ ሁሉም አጥልቋል።

ምልክት የተደረገበትን የእግር መንገድ ተከተሉ። አጭር ነው፤ ጫፉ ላይ ተቀምጦ መመልከትን ጨምሮ ሁለት ሰዓት አይሞላም። ዐለቱ ላይ ከላይ ወደ ታች የወረዱ ጥቋቁር ሸንተረሮች ታያላችሁ። ውሃ የሚወርድባቸው ናቸው። ሲደርቁ ምንም አይደሉም። ጤዛ ወይም ዝናብ ካገኛቸው ግን ሳሙና ናቸው። በእነሱ ዳር እንጂ በላያቸው አትውጡ።

ግራጫና ብርቱካናማ ቅርፊት፣ እንደ ምንጣፍ የተነጠፈ ለስላሳ አረንጓዴም ታገኛላችሁ። አትርገጡት። ይህ ምንጣፍ ሕይወት ያለው ነው። በበጋ ደርቆ የሞተ ይመስላል፣ ዝናብ ሲያገኝ ይነሳል። በአንድ ጫማ የተነሳ ምንጣፍ ግን እስኪመለስ ዓመታት ይፈጃል። ራቁቱን ዐለት ላይ ተራመዱ፤ ሰፊ ነው።

ዐለቱ ቆዳው እንደ ሽንኩርት ንብርብር እየሆነ ይላጣል። የተላጠው ጠፍጣፋ ድንጋይ ሥር አንድ እንሽላሊት ይኖራል፣ ሰውነቱ ወረቀት ያህል ተዳምጦ የተሠራ። ድንጋዩን ገልብጣችሁ ከሄዳችሁ ቤቱን አፈረሳችሁበት። ሌላም አለ። ጠፍጣፋ ድንጋይ በትንሽ ድንጋይ ተደግፎ አፉን ከፍቶ ካያችሁ አጋጣሚ ላይሆን ይችላል። የአገሩ ነባር ሰዎች እንሽላሊት ለማጥመድ እንዲህ እያደረጉ ያቆሙ ነበር። ከስንት ዘመን በፊት የቆመ እንደሆነ አይታወቅም። በዓይን ብቻ እዩት።

አሁን ወደ ውሃው። ዐለቱ አናት ላይ ክብና ሞላላ ጉድጓዶች አሉ። «ናማ» ይባላሉ። ዝናብ ይሞላቸዋል። አንዳንዱ ከላይ ጠባብ፣ ከሥር ሰፊ ነው፤ ጋን ማለት ነው። ነባሮቹ ሰዎች በድንጋይ ይከድኗቸው ነበር፦ ፀሐይ እንዳይጠጣው፣ እንስሳ ገብቶ እንዳይሞትበት። በዚህ አካባቢ ወንዝ የለም። ሐይቅ ተብሎ ካርታ ላይ የተሳለው ጨው ነው። ስለዚህ ሰው ከዐለት ወደ ዐለት ነበር የሚጓዘው። የኖርስማን አካባቢ ባለቤቶች ንጋጁዎች ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2014 ፍርድ ቤትም የመሬት መብታቸውን አረጋግጦላቸዋል።

ነጮቹም በኋላ የተከተሉት ያንኑ ነው። ሀንት የሚባለው ቀያሽ እ.ኤ.አ. ከ1864 እስከ 1866 ፐርዝ አቅራቢያ ካለችው ዮርክ ከተማ ወደ ምሥራቅ ሲሄድ ጉድጓዱን ያስቆፈረው በእነዚሁ ዐለቶች ሥር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1892 ኩልጋርዲ በምትባል ቦታ ወርቅ ተገኘ ሲባል፣ ሆላንድ የተባለው ሰው በዓመቱ ከብሩምሂል ከተማ ተነስቶ እስከ ወርቁ ድረስ መንገድ ጠረገ፤ እሱም ውሃ ፍለጋ ከዐለት ወደ ዐለት ነው የሄደው። ዌቭ ሮክ አናት ላይ ያለውን ዝቅተኛ ግንብ አይታችሁት ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1928 የተሠራ ነው፤ የዝናቡን ውሃ ወደ ግድብ ይነዳል። እኛ ፎቶ እየተነሳን ያለነው የሃይደን ሰዎች ጣሪያ ሥር ነበር ማለት ነው።

ስለዚህ ናማ ስታዩ እንዲህ አድርጉ። ክዳን ካለው አትክፈቱት። እጅ አትታጠቡበት፣ ልጅ አታስገቡበት። የፀሐይ ቅባት የተቀባ እጅ ብቻውን ትንሹን ጉድጓድ ያበላሸዋል። ጠጠር አትጣሉበት። አትጠጡትም፤ የካንጋሮ ፋንድያ ይገባበታል። በርከክ ብላችሁ ግን ተመልከቱ። ጥላችሁ እንዳያርፍበት ተጠንቅቃችሁ ደቂቃ ብትጠብቁ፣ ከጥፍር የምታንስ በጀርባዋ የምትዋኝ ፍጡር ብቅ ትላለች። ውሃው ሲደርቅ እንቁላሏ ከአቧራው ጋር ደርቆ ይቀመጣል። ዝናብ ሲመጣ ይፈለፈላል። እኔ መጀመሪያ ያየሁ ቀን ቁርስ አምልጦኛል።

አናቱ ላይ ስትደርሱ ዙሪያውን ባህር ዛፍ ነው፤ አድማስ እስኪነካ። አንድም ቤት የለም።

8. ቡናው

ጀበና የማይዝ ሐበሻ አለ? ግን ከሰሉን ቤት ተዉት። ሙሉ የእሳት እገዳ በታወጀበት ቀን ከሰልም፣ እንጨትም፣ የእጣን ፍምም ክልክል ነው። የጋዝ ምድጃም ቢሆን እንደ ቀኑ እገዳ ሁኔታ አለበት፤ ሃይደን ሳላችሁ የዕለቱን ማስታወቂያ አንብቡ። እገዳ በሌለበት ጊዜም በተሠራው የእሳት ቦታ ካልሆነ አታንድዱ። ዐለት ላይ እሳት ከነደደ ዐለቱ ይሰነጠቃል፣ ጥቁሩም አይለቅም።

የወደቀ እንጨት አትልቀሙ። የወደቀው ግንድ ውስጥ ያለው ቀዳዳ የእንሽላሊትና የትናንሽ እንስሳት ቤት ነው። እንዲህ ያለ ቀዳዳ ለመፈጠር መቶ ዓመትና ከዚያ በላይ ይወስዳል። እኛ በአንድ ስኒ እናነደዋለን።

እኔ ቡናውን ቤት ቆልቼ፣ ወቅጬ ነው የምሄደው። በጋዝ ላይ አንድ ጀበና ሩብ ሰዓት ነው። አተላውን በፌስታል ይዤ እመለሳለሁ። ቆሻሻ ሁሉ እንዲሁ። ሽንት ቤት በሌለበት ቦታ ከዐለቱ፣ ከውሃ መውረጃውና ከሰፈሩ ራቅ ብላችሁ አንድ ክንድ ያህል ቆፍራችሁ ቅበሩ። ወረቀቱን ይዛችሁ ተመለሱ።

9. መጥፋትና እባብ

ጫካው ሜዳ ነው። ዛፉ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። ሰው ለሽንት ብሎ 100 ሜትር ገብቶ መመለሻው የሚጠፋው ለዚህ ነው። ስትገቡ ፉጨት ያዙ፣ ስልካችሁ ላይ የመኪናዋን ቦታ ምልክት አድርጉ፣ ውሃ ያዙ። እዚህ ቀትር ላይ ፀሐይ በሰሜን በኩል ናት፤ ጥላ በደቡብ ይወድቃል። አገር ቤት ባለ ልምድ አቅጣጫ ካሰላችሁ ትሳሳታላችሁ።

መኪናው ከተበላሸ ከመኪናው አትራቁ። ይህን ለልጆችም ንገሯቸው። ከሰማይ ሲፈለግ መኪና ይታያል፤ ሰው አይታይም። ኮፈኑን ክፈቱ፣ ጥላው ሥር ተቀመጡ፣ ውሃውን ጠጡ።

ሙቀት ሲጀምር እባብ ይወጣል። አንዳንዱ ገዳይ ነው። ድንጋይና ግንድ ሥር እጅ አትክተቱ፤ ማታ በባትሪ ተራመዱ። ከነደፈ አትታጠቡት፣ አትብጡት፣ አትምጠጡት። ሰውየውን አስቀምጡና እንዳይንቀሳቀስ አድርጉ። ሰፊ የሚለጠጥ ፋሻ የተነደፈው ቦታ ላይ ጠምጥሙ። ከዚያ በሌላ ፋሻ ከጣቶቹ ጀምራችሁ እግሩን ወይም እጁን እስከ ላይ ድረስ ጠበቅ አድርጋችሁ ጠምጥሙ። በእንጨት ደግፉት። አንድ እርምጃ አይራመድ። ፒኤልቢው የሚጫነው ያኔ ነው። ፋሻውን ሐኪም ቤት እስኪደርስ ማንም አይፍታው። ስለዚህ ሦስት ፋሻ ግዙ፤ አንድ አይበቃም።

10. ስትወጡ

ከመነሳታችሁ በፊት ካልሲያችሁንና የጫማችሁን ሶል እዩ። የተጣበቀ ዘር ካለ ለቅማችሁ በፌስታል ያዙት። የአንዱን ቦታ አረም ወደ ሌላው ዐለት የምንወስደው እኛው ነን።

ወደ ኖርስማን የሚወስደው መንገድ የጆንስተን ሐይቅን ይዞ ያልፋል። ነጭ ጨው ነው። ደረቅ ቢመስልም መኪና አታስገቡበት፤ ቅርፊቱ ሥር ጭቃ ነው። አስፋልት ስትደርሱ የጎማውን ንፋስ መልሱ።

ኖርስማን ስሟን ያገኘችው ከፈረስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1894 አንድ ወርቅ ፈላጊ ፈረሱን አስሮ አደረ፤ ፈረሱ በኮቴው ሲጭር ወርቅ ያለበት ድንጋይ አወጣ ይባላል። ሐውልቱ ከተማው ውስጥ ቆሟል። ከዚያ በኩልጋርዲ በኩል ወደ ፐርዝ 700 ኪሎ ሜትር ገደማ አስፋልት ነው፤ ያው በአንድ ቀን ለመጨረስ አትሞክሩ።

አንድ ጊዜ ኖርስማን እንደገባሁ ነዳጅ ቀዳሁ፣ ድንች ጥብስ በላሁ፣ ፈረሱን ፎቶ አነሳሁ፣ ከዚያ ስልኬን ሳበራ የእህቴ ዘጠኝ ጥሪ አለ። የተባባልንበት ሰዓት 20 ደቂቃ አልፏል። ስደውል በሌላ ስልክ ከፖሊስ ጋር እየተነጋገረች ነበር። የመኪናዬን ታርጋ ስታነብላቸው በጆሮዬ ሰማሁ። ስለዚህ ከተማዋ ስትገቡ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ ስልክ፣ ቀጥሎ ነዳጅ፣ ፈረሱ ከዚያ።